የምትሆነኝን ሄሊኮፕተር እስካገኝ ሁለት ጊዜ ከስሬያለሁ

በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ልግዛ ብሎ ከየትኛዋ እንደሚጀምር ግራ የገባው ካለ ይቺን ያንብብ። እኔ ሁለት ጊዜ ከስሬ በሦስተኛዋ ነው የገባኝ። ባለሙያ አይደለሁም። ቀን ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። ግን አንዴም ሳትበር የተሰባበረች ውድ ሄሊኮፕተር ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬ እያየሁ ስለምተኛ፣ ሌላ ሰው የኔን ስህተት ባይደግም ደስ ይለኛል።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ገና ያልተሠራበት መሬት አለ። ክረምት ላይ ጤፍ ይዘራበታል፤ ጥር ሲገባ ግን ታጭዶ ያለቀና ቃርሚያ ብቻ የቀረበት ሜዳ ይሆናል። ኳስ የሚጫወቱ ልጆችና በጎች ይጋሩታል። መሀል ከተማ ላለ ሰው ይሄ ቅንጦት ነው፤ እኛ የውሃና የታክሲውን ችግር በዚህ ነው የምናካክሰው።

የመጀመሪያዋን መርካቶ ነው የገዛኋት። ለእህቴ ልጅ ልደት ብዬ። ውሸቴን ነው፣ ለራሴ ነው። ከስንዝር ብዙም አትበልጥም፤ ሁለት ክንፍ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ አላት። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንዱ አካሏን ሊያዞራት ሲል ሌላው ይመልሳታል፤ ስለዚህ ያለ ምንም ችሎታ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሳሎን ውስጥ አስነሳኋት፣ አምፖሉ ጋ ደረሰች፣ ቤተሰቡ አጨበጨበ። ያን ማታ ፓይለት ነበርኩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ይዣት ወጣሁ። ቁመቴን ያህል ተነሳች፣ ከዚያ ድንገት ሞተሯ ዝም አለና እንደ ድንጋይ ወረደች። ደግሜ አስነሳኋት፣ ደግማ ወደቀች። ባትሪ ይሆናል ብዬ ቤት ገብቼ ቻርጅ አደረግኋት። ቤት ውስጥ ሰላም ናት። ውጭ ስትወጣ ትሞታለች። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ስመላለስ ከረምኩ፤ ባለሱቁንም በሌለበት ስረግመው።

ባለሱቁ ምንም አላጠፋም። ሪሞቷ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው የሚሠራው። ፀሐይ ደግሞ ራሷ ያንኑ ብርሃን በገፍ ትለቃለች፤ የሪሞቷ ጭል ጭል የምትል ምልክት እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከሄሊኮፕተሯ በፊት ሪሞቱን እዩ። ግንባሩ ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ወይም ጥቃቅን አምፖል ካለው፣ ካርቶኑ ላይም 2.4 ጊጋኸርዝ (በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ማለት ነው) የሚል ካላገኛችሁ፣ የቤት ውስጥ ናት። ዝነኛዋ ሲማ ኤስ 107 የዚህ ዘር ናት። መጥፎ ዕቃ አይደለችም። ነሐሴ ላይ ጭቃና ዝናብ ቤት ሲዘጋባችሁ ደህና ጓደኛ ናት፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ስጦታም ትሆናለች። ግን ሦስት ቻናል ብቻ ነው ያላት። ትወጣለች ትወርዳለች፣ ፊትና ኋላ ትሄዳለች፣ ግራና ቀኝ ትዞራለች። ወደ ጎን መንሸራተት አትችልም። ሄሊኮፕተር ማብረር የሚያስተምረው ደግሞ ያ ወደ ጎን መንሸራተቱን መቆጣጠር ነው። በሁለት ሳምንት ትሰለቻለች።

ሁለተኛው ስህተት ከፍቅር የመጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ይሠራል። የመጀመሪያዋን ታሪክ ስነግረው ስቆ ስቆ ሲያበቃ «ተው አንተ፣ እኔ ትክክለኛዋን እልክልሃለሁ» አለኝ። ላከም። ካርቶኗን ይዤ ደረጃ ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥን የገዛሁ መስሎት «እንኳን ደስ አለህ» ይለኛል። ባለ 6 ቻናል ናት፤ በሙያው 450 የሚባለው መደብ። አንዱ የካርቦን ክንፍ ብቻ ከ32 ሴንቲሜትር በላይ ነው፤ ሁለቱ ሲዞሩ ዲያሜትሩ 70 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ክብ ይሠራሉ፣ በደቂቃም ከ2,000 ጊዜ በላይ ይዞራሉ።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ አቆምኳት። ታች ያሉት ጋሼ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሊያዩ መጡ። ልጆቹን በከዘራው ወደ ኋላ መለሱልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነዳጅ ሰጠኋት። (ባትሪ ናት፣ ግን የኃይል ማንሻውን ነዳጅ ነው የምለው፤ ከሾፌር ጋር ስለምውል።) ገለባው ሁሉ ተነሳ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ ቤት ሆነ። ስንዝር እንኳ ሳትነሳ ወደ ግራ ዘመም አለች። ደንግጬ ወደ ቀኝ ገፋሁ፣ አበዛሁት፣ ክንፉ መሬት ነካ። ከዚያ በኋላ ያለውን በዓይኔ አላየሁም፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ሁለቱም ክንፎች ተሰብረዋል። ዋናው ዘንግ ታጥፏል። ትልቁ ጥርስ ተላጭቷል። ክንፉ ዞሮ የራሷን ጭራ መትቶ ቆርጦታል። አንድ የካርቦን ስባሪ 10 እርምጃ ያህል ርቆ መሬት ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት፤ ልጆቹ ቀድሞ ቆመው የነበሩት እዚያ ነው። ጋሼ ከበላይዋ ቆመው አይተው አይተው «ልጄ፣ ይሄ መጫወቻ ነው ወይስ ማጨጃ?» አሉኝ። አልሳቅኩም። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ይሄን የሚነግራችሁ የለም። እንደ መጀመሪያዋ ተደራራቢ ሳይሆን አንድ ረድፍ ትልቅ ክንፍ ያላቸው ሄሊኮፕተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ የክንፏ አንግል አይለወጥም። ከፍ ልትል ስትፈልግ ክንፏ በፍጥነት ይዞራል፣ ዝቅ ስትል ይቀንሳል። በቃ። ስለዚህ ትንሽ ትዘገያለች፤ ነዳጅ ስትሰጧት አስባ ነው የምትነሳ። ሁለተኛዋ፣ እንደ ዱባይዋ ባለ 6 ቻናሏ፣ ክንፏ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ይዞርና አንግሉ ነው የሚለወጠው። ይቺ ወዲያው ትታዘዛለች፤ ተገልብጣ ሁሉ ትበራለች። ተገልብጣ መብረር ትችላለች ማለት ግን ክንፏ ወደ ታችም መግፋት ይችላል ማለት ነው። ማብሪያዋ ለትርኢት፣ ማለትም ተገልብጦ ለመብረር፣ በሚሆነው ላይ እያለ ጀማሪ ደንግጦ ማንሻውን ወደ ታች ከጎተተ ራሷን በሙሉ ኃይሏ መሬት ላይ ትደፋለች። ደንግጦ መጎተት ደግሞ የጀማሪ ሥራው ነው።

መለዋወጫው ሌላ መከራ ሆነ። መርካቶን አዳረስኩት። «ሙሉውን እንጂ ክንፍ ለብቻ አይመጣም» ነው መልሱ። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት በሚመጣ ሰው ሊልክልኝ ነበር፣ ሰውየው ረሳው፣ ሌላ ሰው ተፈለገ፣ ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ ክንፉ መጣ፣ ዘንጉ አልመጣም። ያኔ ነው የገባኝ፦ እዚህ አገር የመጀመሪያዋ ሄሊኮፕተር የምትመረጠው በአበራረሯ ሳይሆን በአወዳደቋ ነው። ወድቃ የማትሰበር፣ ከተሰበረችም ክፍሏ በኪስ የሚመጣ።

ሦስተኛዋ እንደዚህ ናት። አንድ ረድፍ ዋና ክንፍ፣ አንግሉ የማይለወጥ፣ 4 ቻናል (ወደ ጎንም ትንሸራተታለች)፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ውስጧም ሚዛኗን የሚጠብቅላት ጋይሮ የሚባል ዕቃ አለ። ደብሊው ኤል ቶይስ ቪ 911 የሚባለውና ተከታዩ ቪ 911 ኤስ የሚታወቁት በዚህ መደብ ነው፤ የሌሎች ድርጅቶችም አሉ፣ ዋናው መደቡ ነው። ክብደቷ ከአንድ ዳቦ ያንሳል። ቀላልነቷ ነው የሚያድናት። የመጀመሪያው ቀን የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቆጠረ፤ 23 ጊዜ ወደቀች። የተጎዳው አንድ ክንፍ ነው፣ እሱም ጫፉ ትንሽ ተሰንጥቆ በስኮች ለጥፌው ያን ቀን ጨረሰ። በስኮች የተለጠፈ ክንፍ ሚዛኑ ስለሚዛባ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ ቀን አሳልፋችሁ አታብርሯት።

ስትገዟት ከካርቶኑ አውጥታችሁ ክንፉ የታሰረበትን ብሎን ነካ አድርጉ። በጣም ከጠበቀ በትንሿ ካቻቢቴ ላላ አድርጉት። ክንፉ በጣት ሲገፋ ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት። መሬት ሲመታ የሚታጠፍ ክንፍ ይተርፋል፣ ቀጥ ብሎ የታሰረ ግን ወይ ራሱ ይሰበራል ወይ ዘንጉን ይዞት ይሄዳል። ይሄን የነገረኝ አልነበረም፤ ሁለት ዘንግ ነው የከፈልኩበት።

አሁን ስለ አየራችን። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ ለኛ አልተጻፈም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮች የሚሠለጥኑበት ይኸው ስስ አየር ሄሊኮፕተር ግን የምትቆምበት ነገር ያሳጣታል። አንግሏ የማይለወጠው ትንሿ ያንኑ ክብደቷን ለማንሳት ክንፏን ከ10 በመቶ በላይ አፍጥና ማዞር አለባት። ሞተሯ ይለፋል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የኔዋ 8 ደቂቃ ተብሎላት 5 ተኩል ነው የምትቆየው፤ የመጨረሻዋን ደቂቃም ከጉልበቴ በላይ አልወጣም ትላለች። ተበላሸች ብላችሁ እንዳትመልሷት። ግን ሱቅ ውስጥ በሙሉ ባትሪ ሞክራችሁ ሙሉ ነዳጅ ካልሰጣችኋት የማትነሳ ከሆነ ተዉአት፣ አየሩን አልቻለችም። ካሜራ የተለጠፈባቸው ርካሾቹ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ለክብደት ብቻ ነው የሚጠቅሙት።

በሁለት ባትሪ መሀልም ሞተሯን አሳርፏት። በጣታችሁ ነክታችሁ የሚያቃጥል ከሆነ ሻይ ጠጡና ተመለሱ። ትንንሾቹ ሞተሮች ያልቃሉ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው የጭራው ነው። ጭራው ሲሞት ቀጥ ብላ የነበረችው ባንዴ እንደ እንዝርት መሾር ትጀምራለች፤ የትልቁን ክንፍ የማዞር ኃይል የሚመልሰው እሱ ስለነበር ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሄሊኮፕተሬ ስትነሳ ወደ ግራ ትሄድ ነበር። አስተካከልኩ፣ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። የእህቴ ልጅ ነው ያገኘው። የማስነሳት ከመኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ ነበር፤ ሲሚንቶው ደግሞ ለውሃ መውረጃ ዘቅዘቅ ተደርጎ ነው የፈሰሰው። ባትሪ ሲሰካላት ጋይሮዋ የቆመችበትን እንደ ሜዳ ይመዘግባል። እኔ ጎባጣውን ቀጥ ያለ ነው ብዬ እያስተማርኳት ነበር። «አጎቴ፣ መጽሐፍ ላይ አስቀምጣት እስቲ» አለኝ፤ የራሱን የሒሳብ መጽሐፍ ድንጋይ አስደግፎ አስተካከለልኝ፣ ቀጥ ብላ ተነሳች። ቅደም ተከተሉም አለ፦ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ነዳጁ ዜሮ ላይ ሆኖ፤ ከዚያ ባትሪዋ ይሰካል፤ አምፖሏ መብለጭለጭ እስኪያቆም ማንም አይነካትም።

አበራረሩን ብዙ አላወራም፣ በእጅ ነው የሚገባው። ጭራዋ ወደናንተ ሆኖ አስነሷት፣ ያኔ ግራዋ ግራችሁ ነው። ፊቷን ወደናንተ ስታዞር ሁሉም ይገለበጣል፤ ለዚያ ሳምንታት ይፈጃል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ግን ፈርቶ መሬት አጠገብ ማቆየት ነው። ክንፏ የገፋው አየር መሬት መትቶ ተመልሶ ስለሚያናውጣት እዚያ መቆጣጠር ይከብዳል። ደፈር ብላችሁ ወገባችሁ ድረስ አውጧት፣ ትረጋጋለች። ልትወድቅ ስትል ደግሞ አትታገሉ፤ ነዳጁን ዝጉ። እየዞረ መሬት ከሚመታ ክንፍ ቆሞ የወደቀ ይሻላል።

አሁን የሚመጡት አንዳንዶቹ ከፍታቸውን ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ የአየር ግፊት የሚለካ ዕቃ ውስጣቸው አለ፣ ማንሻውን ብትለቁት ባለችበት ከፍታ ትቆያለች። ለልጅ ወይም ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ግዙ፣ ደስ ይላሉ። ወደ ትልቋ ማደግ ለሚፈልግ ግን አልመክርም፤ ወይም ማጥፊያ ያለውን ፈልጉ። ግራ እጃችሁ ነዳጅ ሳይማር ይቀራል። ሪሞትም ስትገዙ ነዳጁ በየትኛው እጅ እንደሆነ እዩ። ሞድ 2 የሚባለው በግራ ነው፣ ሞድ 1 በቀኝ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ግን አንዴ ከለመዳችሁ መቀየር በግራ እጅ እንደመጻፍ ነው።

ባትሪ 5 ግዙ። ቀልዴን አይደለም። አንድ ባትሪ 5 ደቂቃ ከበረረ፣ ቻርጁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከፈጀ፣ ቅዳሜያችሁ ሶኬት ሥር ቁጭ ብሎ ያልቃል። ባትሪዎቹ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ናቸው፤ ሲሞሉ 4.2 ቮልት፣ ከ3 በታች ከወረዱ ይበላሻሉ፤ ስለዚህ መድከም ስትጀምር አሳርፏት፣ አትጭመቋት። ያበጠ ባትሪ አይታከምም። ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ፣ ፍራሽ ላይማ ጭራሽ። እኔ አንድ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ከፓወር ባንክ ነው የምሞላው፣ ሜዳው ላይም ይሠራል።

ከውጭ ለምታስመጡ፣ የሚያመጣላችሁን ሰው አታስቸግሩት። ድሮን ያለፈቃድ ይዞ መግባት እንደማይቻል ታውቃላችሁ፤ ሄሊኮፕተር ደግሞ ለፈታሽ ዓይን ድሮን ልትመስል ትችላለች። ካሜራ የሌላት ትሁን፣ ቀድማችሁም የሚመለከተውን ጠይቁ። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። አብሮ መምጣት ያለበት፦ አራት ጥንድ ክንፍ፣ ሁለት ዘንግ ከነጥርሱ፣ ሁለት ጭራ ከነሞተሩ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ፖስታ አይሞላም። ይሄን የማይሸጥላት ሄሊኮፕተር ምንም ያህል ብታምር አትግዙ።

ለንፋሱ ጠዋት ነው የሚሻለው። ፀሐይ ወጥታ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ከረፋድ በኋላ በተለይ የካቲትና መጋቢት ላይ ትንሿ እንደ ፌስታል ትወሰዳለች። አንድ ጠዋት ጭልፊት ከላይ እየዞረ ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ አይቷት ሄዷል። የንቀት አስተያየት ነበር።

አሁን ፊቷን ወደኔ አዙሬ ማቆም ችያለሁ። ቀጣዩ እንደ ኬ 110 ያለች ትንሽ ባለ 6 ቻናል ናት፤ እስከዚያ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር እየተለማመድኩ ነው፣ እዚያ መውደቅ ገንዘብ አያስወጣም። የዱባይዋ ቁም ሣጥን ላይ ዘንጓን እየጠበቀች ነው።

ያለፈው እሑድ ጋሼ እንደልማዳቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ ለኔም» አሉ። ሪሞቱን ሰጠኋቸው። ስንት ዓመት መሪ የያዘ እጅ ሌላ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው ወገባቸው ላይ አቆሟት፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዟት። ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች፣ ገለባው ላይ ተቀመጠች፣ አልነሳም አለች። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ።

«ነዳጅ ሳትሞላ ነው እንዴ የምትሰጠኝ?»